ለሚሮጥና ለሚበር ነገር የሚሆን የካሜራ መቆሚያ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ካሜራ ግዢ የሚሰጠው ምክር፣ በጋዜጣም ይሁን በሱቅ፣ ስለ ካሜራውና ስለ ሌንሱ ብዙ ይልና መቆሚያው ጋ ሲደርስ «ጠንካራ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር መቆሚያ) ይግዙ» ብሎ ያልፋል። ሕንፃ ወይም የመሬት ገጽታ ለሚያነሳ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል። የዱር እንስሳትን፣ ወፎችንና አውሮፕላኖችን በረዥም ሌንስ ለሚያነሳ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ገንዘቡን ከፍሎ የማይጠቅመውን ሸክም ተሸክሞ እንዲዞር ያደርገዋል። ውድ ሌንስ ገዝተው «ምስሉ ለምን ይደበዝዝብናል?» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ያለው ሌንሱ ሥር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ዘርዘር ብሎ በጋዜጣችሁ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከሂሳቡ ልጀምር። 600 ሚሊሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ላይ ሲገጠም 100 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ብቻ ነው። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ከሆነ በዚያ ርቀት አንዷ ፒክስል (ምስሉ ከተሠራባቸው ነጥቦች አንዷ) 1 ሚሊሜትር ትሸፍናለች። ከኮላሩ (ከመቆሚያው ጋር ከሚታሰርበት ቀለበት) እስከ ጫፉ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሌንስ ጫፉ 0.003 ሚሊሜትር ብቻ ቢነቃነቅ ምስሉ በአንድ ፒክስል ይዛነፋል። ንፋሱ፣ የልብ ምት፣ የጣት ጭነት፣ ሁሉም ፎቶው ላይ ይቀራል። መቆሚያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ ካሜራው ሲነቃነቅ የሚሆነው ነው፤ የሚነሳው ነገር ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች ጄት በሰዓት 260 ኪሎሜትር ገደማ ይበራል፤ በሰከንድ 72 ሜትር ማለት ነው። 200 ሜትር ርቀት ላይ በፊት ለፊት ሲያልፍ እሱን የሚከተል ካሜራ በሰከንድ 20 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። ካሜራው ሳይዞር ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለ1/1000 ሰከንድ ቢከፈት አውሮፕላኑ በዚያች ቅጽበት 7 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ ይህም በ400 ሚሊሜትር ሌንስ 24 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል። ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል የሚዞር ካሜራ ግን በ1/250 እንኳ በአካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አጥርቶ ያወጣል። እንግዲህ በጥብቅ ታስሮ የቆመ ካሜራ፣ ትራይፖዱ የፈለገውን ያህል ቢከብድ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚመረጠው መቆሚያ ክብደቱን ተሸክሞ እንቅስቃሴውን የሚለቅ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው እግሩ ነው፤ እንቅስቃሴውን የሚለቀው ከላይ ያለው ጭንቅላት። አብዛኛው ገዢ ግን ገንዘቡን እግሩ ላይ ይጨርስና አብሮ የመጣውን ጭንቅላት ይዞ ይሄዳል።

አብሮ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቦል ሄድ ነው። ኳሷ ስትላላ ካሜራው ወደ ፈለገው አቅጣጫ ይጋደማል። ለአነስተኛ ሌንስ ይህ ምቹ ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን 150-600 ሌንስ (ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ዙም የሚያደርግ) ሲጫንባት ግን ክብደቱ በሙሉ ከኳሷ በላይ ስለሚሆን እጅ በለቀቀ ቁጥር ሌንሱ በአፍጢሙ ይደፋል። ጣት ይቆነጥጣል፣ የሌንሱ ጫፍ ከእግሩ ጋር ይላተማል፣ ሲብስም ትራይፖዱን ይዞ ይወድቃል። ይህን ፈርቶ ኳሷን ያጠበቀ ሰው ወፉ ሲነሳ ለማላላት ጊዜ አያገኝም። ቦል ሄድ ያለው ሰው ለዚህ ሥራ ቢተወው ይሻለዋል።

ለረዥም ሌንስ የተሠራው ጊምባል ነው። ሌንሱን ከመዞሪያው ዘንግ ጋር አስተካክሎ ይይዘዋል፤ በትክክል የተመጣጠነ ሌንስ በሁለት ጣት ይዞራል፣ እጅ ሲለቀውም በቆመበት ይቆያል። ዊምበርሊ የሚባለው የታወቀው ሥሪት 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከሱ የቀለሉና የረከሱ ሌሎችም አሉ። ሲገዛ የሚፈተሸው መዞሪያው ነው፤ ሲዞር የሚንቀረፈፍ፣ የሚይዝና የሚለቅ፣ ወይም በእጅ ሲወዘወዝ የሚላወስ ከሆነ ርካሽነቱ አይጠቅምም።

ብዙ ሰው ጊምባል ገዝቶ ሳያመጣጥነው ይጠቀምና «ይህም አይረባም» ይላል። አመጣጠኑ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የትራይፖዱን እግሮች የውሃ ልኳ አረፋ መሃል እስክትገባ አስተካክሉ፤ መሠረቱ ካዘመመ ካሜራው ሲዞር አድማሱ ያዘምማል። ሌንሱን ከነካሜራው በክላምፑ (ጭንቅላቱ ላይ ባለው መያዣ) አጥብቃችሁ፣ አንድ እጃችሁን ከሌንሱ ሳታነሱ የላይና ታች ማጥበቂያውን አላሉ። የሌንሱ ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ካሜራው በኩል ከወረደ ወደ ፊት ግፉት። አግድም ሆኖ በራሱ ሲቆም የፊትና የኋላው ሚዛን ገብቷል። ቀጥሎ ያለውን የከፍታ ሚዛን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሌንሱን 30 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ልቀቁት። እዚያው ከቆመ ጨርሳችኋል። ተመልሶ አግድም ከሆነ ክብደቱ ከዘንጉ በታች ነውና መቀመጫውን ከፍ አድርጉት፤ የባሰውን ወደ ላይ ከዞረ ክብደቱ ከዘንጉ በላይ ነውና ዝቅ አድርጉት። ዙም ሲደረግ የሚረዝም ሌንስ፣ ለምሳሌ የሲግማና የታምሮን 150-600፣ ሚዛኑን ይቀያይራል፤ ብዙ ጊዜ በምትሠሩበት ርዝመት ላይ አድርጋችሁ አመጣጥኑት። የሶኒ 200-600 ውስጥ ለውስጥ ዙም ስለሚያደርግ ይህ ጣጣ የለበትም።

ለቪዲዮ የሚሆነው ፍሉይድ ሄድም (መዞሩን በውስጡ ባለ ፈሳሽ የሚያለሰልስ ጭንቅላት) ከቦል ሄድ እጅግ ይሻላል፣ በተለይ ቆሞ ለሚግጥ እንስሳና ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ ወፍ። እንቅስቃሴው ልስልስ ነው፤ ግን በድንገት ለሚነሳ ወፍ ይዘገያል።

ሌንሱን ከጭንቅላቱ ጋር የሚያገናኘው ፕሌትም ቦታ ይሰጠው። የተለመደው ልክ አርካ-ስዊስ የሚባለው፣ 38 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው፤ የራሳቸው ልክ ያላቸው ፋብሪካዎችም ስላሉ ጭንቅላትና ፕሌት ለየብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ገጥሞ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ለረዥም ሌንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚረዝም ፕሌት ያስፈልጋል፤ በአጭሩ ላይ ሌንሱን ገፍቶና ስቦ ማመጣጠን አይቻልም። በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረ ፕሌት ደግሞ ሲሠራበት ይዞራል፤ ሁለት ብሎን ያለው ወይም ጠርዙ ከሌንሱ እግር ጋር የሚያያዝ ይመረጥ። በፕሌቱ ጫፎች ላይ ያሉት ትንንሽ መከላከያ ብሎኖች ክላምፑ ቢላላ ሌንሱ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ የሚይዙ ናቸው፤ አውልቆ መጣል ጥፋት ነው። ካሜራውን በራሱ ሥር ባለው ቀዳዳ ማሰር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የሌንሱ ክብደት በሙሉ የካሜራውን አንገት ይጎትታል። መታሰር ያለበት በሌንሱ ኮላር በኩል ነው።

ወደ እግሩ ስንመጣ፣ ፋብሪካዎች የሚጽፉት የመሸከም አቅም ሁሉም የተስማሙበት መለኪያ የለውም፤ ሁለት ፋብሪካዎች «15 ኪሎ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። መታየት ያለበት የላይኛው ቱቦ ውፍረት ነው። ለ100-400 ወይም ለ150-600 ሌንስ 28 ሚሊሜትር ይበቃል፤ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን፣ ብርሃን ማስገቢያው ሰፊ ለሆነ 600 ኤፍ/4 ዓይነት ሌንስ 32 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ባለሦስት ክፍል እግር ከባለአራቱ ይጸናል፤ ባለአራቱ ሲታጠፍ ያጥራል። እግሩ ሲዘረጋ ወፍራሙ ክፍል ቀድሞ፣ ቀጭኑ በመጨረሻ ይውጣ። መሃል ላይ ወደ ላይ የሚሳብ ምሰሶ ያለው ትራይፖድ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ምሰሶው ሲወጣ ባለሦስት እግሩ በአንድ እግር የቆመ ያህል ይሆናል፣ ሳይወጣም ትራይፖዱ መሬት ድረስ እንዳይወርድ ይከለክላል።

ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚሠራ ፈተና አለ። የራሳችሁን ካሜራና ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። ትራይፖዱን በምትሠሩበት ቁመት ዘርግታችሁ ሌንሱን በሙሉ ዙም ሩቅ ያለ ጽሑፍ ላይ አነጣጥሩ፤ ስክሪኑ ላይ በ10 እጥፍ አጉሉት። ከዚያ የሌንሱን ጫፍ በጣት መታ አድርጉና ምስሉ እስኪረጋ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከረጋ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰከንድ አልፎም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተዉት። ይህ ፈተና ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

ካርቦን ፋይበር ወይስ አሉሚኒየም የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረትንም ቶሎ ያጠፋል፣ በብርድም እጅ አያቃጥልም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሰኔቲ አምባ ላይ ማለዳ ቀይ ቀበሮ የሚጠብቅ ሰው ይህን ይረዳዋል። ገንዘቡ ካልበቃ ግን ወፍራም አሉሚኒየም ከቀጭን ካርቦን ይበልጣል፤ የላይኛው ቱቦ ላይ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ቢጠመጠምበት ብርዱ ይቻላል።

ቁመት ላይ ሁለት ነገር ይታሰብ። ጊምባሉ ራሱ እንደ ሥሪቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ ለቆመ ሰው 140 ሴንቲሜትር የሚሆን እግር በሜዳ ላይ ይበቃዋል። ነገር ግን ሌንሱ ወደ ሰማይ ሲቀና የካሜራው መመልከቻ ዝቅ ይላል፣ ሰውየውም መጎንበስ ይጀምራል። ወፍ በበረራ ላይ ወይም አውሮፕላን የሚያነሳ ሰው 20 ሴንቲሜትር ትርፍ ያስፈልገዋል። ተዳፋት ላይም እንዲሁ፤ እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ገደላማ ቦታ ሁለቱ እግሮች ቁልቁለቱን፣ አንዱ ሽቅቡን ይዞ ነው የሚቆመው፣ የቁልቁለቶቹም እግሮች ይረዝማሉ። የጭላዳ መንጋ ገደል አፋፍ ላይ ሲሆን ንፋሱ ብርቱ ነው። የካሜራው ማንገቻ ከተንጠለጠለ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ካሜራውን ይነቀንቃልና ይፈታ። በትራይፖዱ መንጠቆ ላይ ቦርሳ የሚሰቅል ሰውም ቦርሳው መሬት እንዲነካ ያድርግ፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ሲወዛወዝ መልሶ ትራይፖዱን ያነቃንቀዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን እግሩን አሳጥሮ ተቀምጦ መሥራት ነው።

ለቀይ ቀበሮ ዝቅታው ራሱ ምስሉን ያሳምራል። ፍልፈል ሲያደባ ጭንቅላቱ ከሣሩ እምብዛም አይለይም፤ ከቆመ ሰው ቁመት የተነሳ ፎቶ ጀርባውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ምሰሶ የሌለው ትራይፖድ እግሮቹ በሙሉ ሲዘረጉ ወደ መሬት ተጠግቶ ይተኛልና ለዚህ ተመራጭ ነው።

ከመኪና ለሚያነሳ ሰው ግን ትራይፖድ አያስፈልገውም። አዋሽ ፓርክ ሳላ የሚያነሳ፣ ወይም ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚያቋርጠው መንገድ ዳር ቀበሮ ያየ ሰው ከመኪናው ከወረደ እንስሳው ይሸሻል። መፍትሔው በእህል የተሞላ ከረጢት ነው፤ በሩ ላይ በኮርቻ መልክ ይጫንና ሌንሱ ይጋደምበታል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከጂንስ ጨርቅ ይሰፋል፤ ሁለት ኪስ ያለው፣ እያንዳንዱ 30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ጨርቅ የበሩን ውፍረት የሚያህል። ስፌቱ ድርብ ይሁን፣ ከውስጥ እህሉን የሚይዝ ዚፕ ያለው ሌላ ከረጢት ይኑረው። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ምስር ወይም አተር ይበቃዋል። ሩዝ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆንና በጨርቁ ቀዳዳ እየወጣ ሌንሱ ላይ ይሰፍራል፤ ጤፍማ በስፌቱ ያልቃል። ከረጢቱ ጠቅ ተደርጎ አይሞላ፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ነው ሌንሱ የሚሰምጥበት። ዝናብ የነካው እህል ያብጣል፣ ይበቅላል፣ የቆየውንም ነቀዝ ይገባበታል፤ ከጉዞ መልስ ይገልበጥ። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ባዶውን ይዞ ሄዶ እዚያው ገበያ ይሞላዋል። የመኪናው ሞተር ግን መጥፋት አለበት፤ ሞተር ከበራ ከረጢቱ የቱንም ያህል ቢመች በረዥም ሌንስ የጠራ ምስል አይገኝም።

አውሮፕላን ላይ ምርጫው በቦታው ይወሰናል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለት የሚታወቁ ቦታዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። ግራቬሊ ፖይንት ከሬገን ናሽናል አየር ማረፊያ ዋና መንደርደሪያ በስተሰሜን፣ እዚያው አፍንጫው ሥር ያለ መናፈሻ ነው። አውሮፕላኖቹ በራስ ላይ ያልፋሉ። ትራይፖድ እዚያ በራስ ላይ የሚያልፈውን መከተል ያቅተዋል፤ እግሮቹም በተሰበሰበው ሰው መካከል መሰናክል ይሆናሉ። እዚያ 100-400 ያህል ሌንስ በእጅ ይያዛል፤ እግር አውሮፕላኑ ፎቶ ወደሚነሳበት አቅጣጫ ይተከል፣ ወገብ አውሮፕላኑ ወደሚመጣበት ይጠምዘዝ፣ ከዚያ እየተፈታ ይከተል። ክርን ከጎድን ይጠጋ። ሜሪላንድ ውስጥ ሳስኳሃና ወንዝ ላይ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ ደግሞ በፈረንጆች ኖቬምበር ራሰ ነጭ ንስሮች ዓሣ ለማጥመድ የሚሰበሰቡበት ነው። እዚያ ሰዓታት ይጠበቃል፣ ንስሩ ከሩቅ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሌንሱም 500 ወይም 600 ነው። ያለ ጊምባል ክንድ አይችለውም።

በእጅ በመያዝና በትራይፖድ መካከል ያለው ባለአንድ እግሩ መቆሚያ፣ ሞኖፖድ ነው። ክብደቱን ይሸከማል፣ የላይና ታች መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፣ የግራና ቀኙን ግን ለያዘው ሰው ይተዋል። ለአየር ትርዒትና ለተጨናነቀ ቦታ የተሻለው እሱ ነው። ከላዩ ቦል ሄድ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚታጠፍ ጭንቅላት ይገጠምለት። የሌንሱ ኮላር በትንሹ ይላላ፣ ሞኖፖዱ ሲያዘነብል ካሜራው እንዲስተካከል። ቁመቱ ከዓይን 20 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት፤ ምክንያቱ ከላይ የተናገርኩት ነው።

ስለ ሻተር ስፒድ (ሻተሩ ክፍት ስለሚቆይበት ጊዜ) አንድ ነገር ካልተነገረ መቆሚያው ለምን እንደሚገዛ አይገባም። ጄት በ1/1000 ቢነሳ ምንም አይጎድለውም። ፕሮፔለር ያለው ግን ፕሮፔለሩ የቆመ ይመስላል፣ አውሮፕላኑም ሞተሩ ጠፍቶ አየር ላይ የተሰቀለ። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ኪው 400 አውሮፕላን ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር አለው፤ ሲነሳ በደቂቃ 1,020 ዙር ይዞራል። በ1/1000 ሰከንድ ምላጩ 6 ዲግሪ ብቻ ይሄዳል፤ በ1/250 24 ዲግሪ፤ በ1/100 61 ዲግሪ፣ ማለትም በምላጮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሙሉ ይሸፍንና ክቡ ይሞላል። ሄሊኮፕተር ከዚህ ዝግ ብሎ ስለሚዞር 1/60 ሊያስፈልገው ይችላል። በ1/100 እና በ1/60 400 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ይዞ መከተል ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ የሞኖፖድና የጊምባል ጥቅም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የሌንሱ ስታቢላይዘርም (መንቀጥቀጥን የሚያርመው ክፍል) ከመቆሚያው ጋር መስማማት አለበት። ጊምባሉ ላልቶ ሌንሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሞድ 2 ላይ ይደረግ፤ ይህ የሚዞሩበትን አቅጣጫ ትቶ የላይና ታቹን ብቻ ያርማል። ሞድ 1 ላይ ከቀረ ማዞሩን ራሱ ሊያርም ይታገልና ምስሉን ያበላሻል። በጥብቅ በታሰረ ትራይፖድ ላይ ደግሞ የቆዩ ሌንሶች ስታቢላይዘራቸው ይጥፋ፤ ንዝረት ሳይኖር ንዝረት እየፈለጉ ራሳቸው ያደበዝዛሉ።

እኩለ ቀን ላይ በሞቀ አስፋልት ወይም በሜዳ ላይ የሚንቀጠቀጥ ምስል ግን የመቆሚያ ጥፋት አይደለም። የሞቀው አየር ነው፤ 300 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር ማንኛውም ትራይፖድ አያጠራውም። ማለዳ መምጣት ወይም መቅረብ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

በአገራችን አውሮፕላን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ፈቃድ ይያዝ። በአየር ማረፊያና በወታደራዊ ተቋም አካባቢ ትራይፖድ ላይ የቆመ ረዥም ሌንስ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ወፍ የሚያነሱ ሰዎች የአየር ኃይሉ ሰፈር ቅርብ መሆኑን አስበው ሌንሳቸውን ሐይቁ ላይ ቢያደርጉ ይበጃቸዋል።

ከተገዛ በኋላ እንክብካቤ አለው። አቧራና አሸዋ የትራይፖድ እግር ማጥበቂያ ውስጥ ገብቶ ጥርሱን ይበላል፣ ቱቦውንም ይፍቃል። ሲዞር ድምፅ ከሰጠ ይፈታ፤ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ቅጠሎች አቀማመጣቸው ሳይምታታ ይውጡ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ፣ ጥርሱ ላይ ስስ ግራሶ ይቀባ። አብያታና ሻላ ዳር ፍላሚንጎ ፎቶ ሲነሳ ውሃው ሶዳ ያለበት ስለሆነ ብረቱን ይጎዳል፤ እግሩ እዚያ ውሃ ውስጥ ከገባ የዚያኑ ዕለት በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ክፍሎቹ ተዘርግተው ይድረቁ። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ማጥበቂያው ይነክሳል።

በመጨረሻም ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዱር እንስሳትና የወፍ ፎቶዎችን ስታወጡ ከሥሩ የሌንሱ ርዝመት፣ ሻተር ስፒዱና ካሜራው ምን ላይ እንደነበር፣ በእጅ፣ በሞኖፖድ፣ በጊምባል ወይም በከረጢት፣ አብሮ ቢጻፍ አንባቢው የትኛው መቆሚያ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ከፎቶው ራሱ ይማራል። ሱቆችም ማስታወቂያ ሲያወጡላችሁ ከቁመቱና ከዋጋው በተጨማሪ የቱቦውን ውፍረት፣ የጭንቅላቱን ዓይነትና የፕሌቱን ልክ እንዲያሰፍሩ ብትጠይቋቸው ገዢው ሳያይ ከመግዛት ይድናል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ